ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የሌለችው ሴት

ወንድሜን ማተሚያ ቤት ውስጥ «አራት ነጥብ» ነው የሚሉት። አንዲት ነገር ተናግሮ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያስከፍተውም። ስሙን ያወጡለት ፊደል ለቃሚዎቹ ናቸው። እሱም ሲሰማ አልተቆጣም፤ «ደግነቱ ጥያቄ ምልክት አላሉኝም» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ይኸው ነው ቀልዱ። በዓመት አንዴ ይቀልዳል፣ እሷንም ሰው ሳይሰማት ታልፋለች።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባሌን ከፈታሁ ወዲህ የምኖረው ከሱ ጋር ነው። ትዕግስት የሚባለው ነገር ሲታደል እኔ አልነበርኩም፤ ድርሻዬን እሱ ሳይወስድ አልቀረም። እሱ አላገባም። ለምን አታገባም ያለው ሁሉ መልስ ሳያገኝ ሄዷል፤ እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ለሚስት የሚሆን ቦታ የለም። የሱ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ የጫማ ካርቶን ነው። ጫማ እንዳይመስላችሁ! የሰውየው ጫማ ሁለት ጥንድ ነው፣ አንደኛው ሶሉ የለቀቀ። ካርቶኖቹ ውስጥ ያለችው ኦርማይ ናት።

ኦርማይ ማለት የሌለች ዓለም ናት። አንድ ደራሲ ስድስት ወፋፍራም የሳይንስ ልብወለድ ጽፈውላታል። የማትዞር ዓለም ነች አሉ። አንድ ጎኗ ሁልጊዜ ቀን፣ ሌላው ጎኗ ሁልጊዜ ጨለማ፤ ሕዝቧ መሀል ላይ ባለችው ድንግዝግዝ ቦታ ተደርድሮ ይኖራል። «ያለችው ዓለም መች አለቀችልህና ነው የሌለችውን የምታጠናው?» ብዬ አንድ ቀን ጮህኩበት። «እትዬ፣ ያለችውን የሚያርማት ሌላ ሰው ነው» አለኝ። የዚያ ዓመት ቀልድ እሷ ነበረች።

ወንድሜ አራሚ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው የጻፈውን እያነበበ ስህተቱን ሲለቅም የኖረ ነው። ኦርማይ ውስጥ የገባውም በሥራው ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ለእርማት ሲሰጠው መርከበኛው ካፒቴን በቀኝ እግሩ ያነክሳል፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ግን ያነክስ የነበረው በግራው ነው። ዳር ላይ በእርሳስ «የትኛው እግር?» ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ደራሲው ራሳቸው ማተሚያ ቤት መጡ። ግዙፍ፣ ድምፃቸው ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ሰው ነበሩ፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። «እኔ የረሳሁትን እግር ያስታወሰው የትኛው ነው?» ብለው ወንድሜን ካለበት ጥግ አስነሱት፤ እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉ። ያን ቀን ወንድሜ ቤት ሲመጣ እራቱን እንኳ በወጉ አልበላም። እንዲህ ያለ ደስታ ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ተያያዘው። ከመቁረጫ ማሽኑ የሚተርፈውን ወፍራም ወረቀት እየሰበሰበ ካርድ ይሠራል። ነጩ ለቦታ፣ ቢጫው ለሰው፣ ሰማያዊው ለማሽንና ለመርከብ። እያንዳንዱ ላይ የመጽሐፉን ቁጥርና ገጹን ይጽፋል። የእርማት ሥራ ደግሞ የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ይከተላል። ቤት ውስጥ አንባቢዋ ማን ትሆናለች? እኔው! ነጠላ ሰረዙን፣ ጥቅሱን፣ ሁሉንም እየጠራሁ አነብለታለሁ። አመል ሆኖብኝ አንዴ ከደንበኛ ጋር ስጣላ «ልብስሽን ይዘሽ ውጪልኝ፣ ቃለ አጋኖ!» ብያት አውቃለሁ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ጤነኛ አልመስላትም።

ካርዱ ከሺህ ሲያልፍ ጋሼና አሳታሚያቸው ይህ መታተም አለበት አሉ። «የኦርማይ መመሪያ» ተብሎ ወጣ፤ ሺህ አራት መቶ ማብራሪያ፣ በፊደል ተራ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ወደብ ከየትኛው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ ሁሉም አለበት። ደግሞ አንባቢ አገኘ! እነዚያ የኦርማይ ሰዎች የሚባሉት አንባቢዎች አያድርስ ናቸው፤ ካፒቴኑ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ በእንቅልፍ ልባቸው ይነግሯችኋል። ወንድሜ ሽፋኑ ላይ ስሙ በትንሹ ተጽፎለታል። እኔ አነሰ እያልኩ ስነጫነጭ እሱ በዛ እያለ ያፍር ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። አምና የጋሼ ልጅ ቤታችን መጣች። ፋርማሲስት ናት፣ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ እርጋታዋ ደስ ይላል። የሰባተኛውን፣ የመጨረሻውን መጽሐፍ ረቂቅ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይዛ ነበር። ወንድሜ እስኪመጣ ከኔ ጋር ተቀምጣ ሳለ ድንገት እንባዋ መጣ።

«እትዬ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ» አለችኝ። «አባባ እየረሳ ነው። የጻፋቸውን መጻሕፍት ረስቷል። ያ መመሪያ ባይኖር አንድ መስመር መጻፍ አይችልም፤ አጠገቡ ከፍቶ፣ እሱን እያየ ነው የሚጽፈው። አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የቀረው። ይቺን ከጨረሰ በቃ፣ ሌላ አልመኝም። ይቺ መጽሐፍ ናት አሁን ሰው አድርጋ ያቆመችው።»

አንጀቴን በላችው። ለማንም ላልናገር ማልኩላት።

ረቂቁን በየምዕራፉ ስታመጣ እኔ እያነበብኩ፣ ወንድሜ እየተከተለ ቀጠልን። ከመጨረሻው በፊት ያለው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ጀግናው ጓደኞቹን ሁሉ ጨለማው በልቶበት፣ መንገድ ጠፍቶት፣ ሊሞት ተጋድሞ ሳለ አንዲት ብርሃን ያያል። ተጎትቶ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ቤት ናት። ውስጥ አንዲት ሴት አለች። መብራቷ ላይ ዘይት በጨመረች ቁጥር ወደ ጨለማው ሄደው ያልተመለሱትን ሰዎች ስም ተራ በተራ ትጠራለች። ጀግናው በሩ ላይ ሆኖ የራሱን ስም ስትጠራ ይሰማታል።

እኔ ለኦርማይ አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። ቀና ስል ወንድሜ እርሳሱን አስቀምጦ ግድግዳውን ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው? አመመህ?»

«ምንም አይደል» አለና ተነስቶ ወጣ።

ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። በአራተኛው ቀን ጨርቅ እየቀደድኩ ሳለ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ያቺ ባለመብራት ሴት የጋሼ አይደለችም። የኔ ናት» አለኝ።

መቀሱን አስቀምጬ አዳመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መመሪያው ከመታተሙ በፊት አንድ መጽሔት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረውን የወንድሜን ዝርዝር ሙልጭ አድርጎ ገልብጦ በሌላ ሰው ስም አወጣው። ወንድሜ ለኔ እንኳ ሳይነግረኝ ሲብሰለሰል ኖሯል። ያኔ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ካርታ ሠሪ ነበሩ። «እኛ ካርታ ላይ አንድ የሌለ መንገድ እናስገባለን፤ የሚሰርቀን ሰው የሌለውን መንገድ አብሮ ይሰርቃል፣ በሱ እንይዘዋለን። አንተም አድርገው» አሉት። እሱም መመሪያው ውስጥ አምስት መስመር ጻፈ። «የመጨረሻዋ መብራት፤ በጨለማው ዳር ያለች ትንሽ ቤት» ብሎ፣ የሴትዮዋን ነገር ጨምሮ፣ መጨረሻው ላይ «ሦስተኛ መጽሐፍ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አለበት። እዚያ ገጽ ላይ ያሉት ስለ ጨው ጭነት የሚጨቃጨቁ ሁለት ነጋዴዎች ናቸው። ለማንም አልተናገረም፤ ከተወራ ምኑን ወጥመድ ሆነ። ካርታ ሠሪው ሞቱ። ወጥመዱ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሌባ ሳይሆን ባለቤቱን ያዘ።

«አምስቷን መስመር አርባ ገጽ አደረጓት እኮ እትዬ» አለኝ። ይህን ሲል፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይኑ በራ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው ከራሱ ያወጣት አምስት መስመር እሷ ብቻ ናት። መደሰቱን እንዳየሁበት ሲያውቅ አፈረና አንገቱን ደፋ።

«ንገራቸዋ!» አልኩት።

«አንድ ምዕራፍ ነው የቀራቸው። ይጨርሱ።»

«ከጨረሱስ በኋላ? እነዚያ የኦርማይ ሰዎች፣ እስካሁን መመሪያህን አምነው ቢቀመጡም፣ አሁን ሦስተኛውን መጽሐፍ ገልጠው አያዩም? ሽማግሌው ያልጻፉትን ጻፍኩ አሉ ብለው መሳቂያ ሲያደርጓቸው ዝም ብለህ ልታይ ነው? ከነሱ አፍ ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት።»

«ይሰበራሉ እትዬ።»

«አንተ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ሁሉ ስህተት ስትነግር አንድም ቀን አልፈራህም። የራስህ ሲሆን ነው ምላስህ የተሳሰረው?»

ይቺ ወጋችው። እኔም እንደምትወጋው አውቄ ነው የተናገርኳት። የጋሼን መርሳት ግን፣ መሐላዬ ይዞኝ፣ አልነገርኩትም። ኮቱን ለበሰ። ብቻውን እንዳይሄድ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት።

ልጅቱ በሩን ከፍታ አስገባችን። ቤቱ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ቧንቧው ላይ «ዝጋ»፣ ቁም ሳጥኑ ላይ «ካልሲ»፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ «ከምግብ በኋላ»። ጋሼ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። መመሪያው ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል፣ በየገጹ ጣልቃ የተወተፈው ወረቀት ብዛቱ! ወንድሜን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«ና ና! ልጨርስ ነው! ባለመብራቷን አነበብካት?»

«አነበብኳት ጋሼ። ስለሷ ነው የመጣሁት።»

ነገራቸው። እንደ ልማዱ አጭር አድርጎ፣ ምንም ሳይቀባባ ነገራቸው። በመጀመሪያ ሳቁ። «ዛሬ ደግሞ ቀልድ ጀመርክ?» አሉ። እሱ አለመሳቁን ሲያዩ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደዱ፣ ሦስተኛውን መጽሐፍ አወረዱ፣ ገጹን ፈልገው አገኙ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ገጹን ገልብጠው ከጀርባው ያለውንም አነበቡ።

«እኔ እኮ ሴትዮዋን አውቃታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ቀኝ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። የጻፍኳትን ቀን ጭምር አስታውሳለሁ። ዝናብ ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።»

«ጠባሳው መመሪያው ላይ የለም ጋሼ። እሱን እርስዎ ነዎት የጨመሩት። አሁን የርስዎ ሆናለች።»

«ዝናቡንስ? ዝናቡንም እኔ ነኝ የጨመርኩት? ባለቤቴንስ?»

ልጅቱ አጠገቤ ቆማ እጄን ጨመደደችው።

«ሌላስ ምን አስገባህ?» አሉ ጋሼ።

«ሌላ የለም። እምላለሁ ጋሼ፣ አንዷን ብቻ ነው።»

«እንዴት አውቃለሁ?» አሉና መመሪያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «በምን አውቃለሁ አንተ?»

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ መስመር አልጻፉም። ብዕሩን ያነሱና መመሪያውን ይገልጣሉ፤ አንድ ስም ያያሉ፤ ይህስ የኔ ነው ይላሉ፤ ብዕሩን ያስቀምጣሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ርዕሱ ብቻ ተጽፎ ቀረ። አሳታሚው ሁለት ጊዜ ሰው ላከ፣ ከዚያ ተወው።

ልጅቱ ወንድሜን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም። እኔን ግን በራችን ላይ አግኝታኝ «አንድ ምዕራፍ ነበር እኮ እትዬ» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ! ንገራቸው ብዬ የገፋሁት እኔ እንደሆንኩ ወንድሜ ነግሯት ይሁን አይሁን አላውቅም። እሱ ለኔ «አንቺ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ቢለኝ ቀለል ይለኝ ነበር፤ አይልም።

በምትኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስቱን መጻሕፍት በዘንቢል ተሸክሞ ጋሼ ቤት ይሄዳል። መመሪያውን ከ«ሀ» ጀምረው አንድ በአንድ ያያሉ። ጋሼ ስሙን ያነባሉ፣ «ይህስ የኔ ነው?» ይላሉ። «የርስዎ ነው ጋሼ፤ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ገጽ ዘጠና» ይልና ገልጦ ያሳያቸዋል። ጋሼ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው ያነባሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። «መ» ላይ፣ ሲበዛ «ሰ» ላይ ሲደርሱ ይመሻል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ከ«ሀ» ነው። ሰውየው የተረጋገጠላቸውን ሁሉ ይረሳሉ። ባለመብራቷንም ረስተዋታል፤ ማን እንደሆነች ቢጠየቁ አያውቋትም። መጽሐፉ ውስጥ የሳቸው ያልሆነ ነገር እንዳለ ግን አልረሱም። ከዚያ ሁሉ ነገር መርጦ እሱ ብቻ ተጣብቆባቸው ቀረ። ይህን ሳስብ ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል።

ወንድሜ በዚህ ዓመት ሽበቱ በአንዴ ነው የወጣው። «ተወው እንግዲህ፣ ምን ያህል ትቀጣለህ?» እለዋለሁ። «ቅጣት አይደለም እትዬ፣ እርማት ነው» ይለኛል። መቀለዱ ይሁን የምሩን ይሁን መለየት አቃተኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ስለተዘጋ እኔ ላነብላቸው አብሬው ሄድኩ። ጋሼ ያን ቀን ደህና ነበሩ። ተላጭተዋል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። እኔ ማብራሪያውን አነባለሁ፣ ወንድሜ ገጹን ያወጣል፣ ጋሼ ያያሉ። «ለ»ን ጨርሰን «ሐ» ላይ ነበርን። ልጅቱ የመድኃኒት ሰዓታቸው ደርሶ ኪኒንና ውሃ ይዛ ገባች። ጋሼ ቀና አሉ። ትክ ብለው አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዘንበል አሉና፣ እሷ እንዳትሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይህችስ የኔ ናት?» አሉት።

ልጅቱ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

«የርስዎ ናት ጋሼ» አለ ወንድሜ በዚያ በተዘጋ ድምፁ።

«የት ላይ? ገጽ ስንት?»

ወንድሜ እጁ በልማድ ወደ መጻሕፍቱ ሄደ። አንዱን ያዘ። እንደያዘው ቀረ።

«አባባ» አለች ልጅቱ፤ «እኔ መጽሐፉ ውስጥ የለሁም።»

ጋሼ አልተቆጡም። እንዲያውም ጨዋ ሰው ሥራ ላይ እንደሚናገረው አድርገው፣ ረጋ ብለው ለወንድሜ «እንግዲያውስ ሰርዛት» አሉት፣ እርሳሱንም አንስተው ሰጡት።

ወንድሜ እርሳሱን ተቀበለ። ደራሲ ሰርዝ ያለውን ሳይሰርዝ ቀርቶ አያውቅም፤ የአራሚ ሕጉ ይኸው ነው። «አልሰርዝም ጋሼ» አለ። አሁንም ደገመው። እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ለመጥረግ እንኳ እጁን አላነሳም። ጋሼ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ።

ልጅቱ ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። እኔ በሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም። ቃል አጥቼ ከኋላዋ ቆምኩ።